ፌንጣ ከሹምሽሃ ስትወጣ

«እሷማ እቃ ታቀብለኛለች» አለ ኢያቄም።

ይህን ሲል እህቱ ባንቺዓለም ከመኪናዋ ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቀች ነበር። ወደ ውጭ የሚታየው ከጉልበቷ በታች ያለው ብቻ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ገና በጠዋቱ መጥተው፣ ኮንጎ ጫማ ያጠለቀውን ጥንድ እግር አይተው «ይህ ደግሞ የማን እግር ነው?» ቢሉ ነው ወንድሟ እንዲህ ብሎ የመለሰው። ከመኪና ሥር ተኝቶ፣ ላይ ለቆመ ሰው እቃ የሚያቀብል ረዳት ምን ዓይነት ረዳት እንደሆነ ወይዘሮዋም አልጠየቁ፣ እሱም አላስረዳ። «ጎሽ፣ ወንድምን ማገዝ ደግ ነው» አሉና እግሩን ረሱት። «ስማኝ ኢያቄም፤ መኪናዬ ዛሬ ሹምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዳ፣ ከእንግዶቼ ጋር ያንን ዳገት ሳትቆም ከወጣች የሆቴሉን ጋራዥ ላንተ ነው የምሰጥህ። ሁለቱም ላንድክሩዘሮች፣ ሚኒባሱም፣ ጄኔሬተሩም ባንተ እጅ ይሆናሉ። ኃላፊ አድርጌ እቀጥርሃለሁ። መሐል መንገድ ላይ ከቆመች ግን ወደ ሣር ቤቷ ትመለስ፤ አንተም ወደ ብስክሌት ጥገናህ።»

«አትቆምም እትዬ» አለ ኢያቄም። ድምፁ እንዴት ያምር ነበር! የማትቆምበትን ምክንያት ቢጠየቅ ግን አንዱንም አያውቀውም።

ባንቺዓለም ዝም ያለችው ምላስ አጥታ አይደለም፤ የላሊበላ ሹፌር ሁሉ የሚፈራት ለምላሷ ነው። እጇ የያዘው ግን የፍሬን ቱቦ ብሎን ነበር። የፍሬን ብሎን ንዴት አይወድም፤ ግማሽ ዙር ቢበዛ ጥርሱ ይበላል፣ ግማሽ ዙር ቢጎድል ሰው ይበላል። ስለዚህ ቃሏን ዋጥ አድርጋ እስክትጨርስ ጠበቀች። ጨርሳ ስትወጣ ሁለቱም የሉም። ወንድሟ የጠጣበትን የሻይ ብርጭቆ ከመኪናዋ ኮፈን ላይ ትቶ ሄዷል። ብርጭቆውን አነሣች፤ በአዲሱ ቀለም ላይ የቀረውን የስኳር ቀለበት በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ከዚያ ደግማ ጠረገችው።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ጣሪያ የሌላት፣ ከመሬት አንድ ክንድ የማትርቅ አረንጓዴ የእንግሊዝ ኤም ጂ ናት። መሪዋ በቀኝ ነው፤ በሯ ከውጭ እጀታ የለውም፤ መክፈት የፈለገ እጁን ወደ ውስጥ አሳልፎ ገመድ ይስባል። ላሊበላ ያወጣላት ስም ፌንጣ ነው። በሺ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ዓ.ም. አገሩ ሲናወጥ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹን ሊጠግን መጥቶ የነበረ እንግሊዛዊ ቁልፏን ለወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ባል ለአቶ አዝመራው ሰጥቶ «እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። እሱም አልተመለሰ፤ አቶ አዝመራውም አረፉ፤ ፌንጣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከሆቴሉ ጀርባ ሣር ቤት ውስጥ ቆመች። ዶሮ ወንበሯ ላይ እንቁላል ታቀፈችባት፤ አይጥ ሽቦዋን በላው። አምና ወይዘሮዋ «ሚሌኒየሙ ሳይገባ ትነሣልኝ፤ አንድ ቀን ተሳፍሬባት ልሙት» ብለው ሲጠይቁ፣ ደሴ ቴክኒክ አንድ ዓመት ተምሮ የመጣው ኢያቄም «ቀላል ነው» አለና ተረከባት። ኮፈኗን ከፍቶ አየ፤ መልሶ ዘጋ። ለሁለት ወር ያህል እንደገና አልከፈተውም።

የከፈተችው ባንቺዓለም ናት። ከመሪው በስተግራ ባለው ኪስ ውስጥ አይጥ ጥጉን ብቻ የቀመሰው የእንግሊዝኛ መመሪያ አገኘች። አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ እንግሊዝኛዋን ከመዝገበ ቃላት እያሟላች፣ ቃል በቃል አነበበችው። አሮጌውን ሞተር ስትፈታ ፒስተኖቹ ከብረቱ ጋር አንድ ሥጋ ሆነው ነበር። «አበቃላት» አለ ወንድሟ። እሷ ግን ፍላቂት አጠገብ ገብስ ማሳ ውስጥ የተገለበጠውን ሃይሉክስ ፒክአፕ አስታወሰች፤ አካሉ ተጨማዶ ሞተሩ ደህና ነበር። በወንድሟ በኩል ወይዘሮዋን አስለምና አስገዛችው። የፌንጣ ሞተር አንድ ሺ አምስት መቶ ሲሲ ነበር፤ የመጣው ሁለት ሺ ነው። የእሷ ማርሽ አራት፣ የሱ አምስት። ችግሩ ቁመቱ ነው፤ በአራት ጣት ስለሚበልጥ ኮፈኑ አልዘጋ አለ። ደሴ ያሉት መካኒኮች «ኮፈኑን ቅደጂውና ጉብታ አውጪለት» አሏት። እሷ ኮፈኑን አልነካችም። የሞተሩን እግሮች ቆርጣ፣ ከአሮጌ የአይሱዙ ባሌስትራ አዲስ እግር አሠርታ፣ ሞተሩን ወደ ታችና ወደ ኋላ አስቀመጠችው። ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ አሳጠረች። የድሮውን ዲናሞ አውጥታ አልተርኔተር አስገባች፤ የፊቱን ፍሬን በዲስክ ለወጠች፤ ራዲያተሩን ባለ ሦስት ረድፍ አደረገች። የላስታ አየር ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ እንዳያፍናት መጠኑን ቀነሰችላት። ያልተሟላው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሳቱን ለአራቱ ካንዴላዎች የምታካፍለው የዲስትሪቢዩተር ክዳን ላይ የሚደፋ የጎማ ቆብ ነበረ፤ ወልዲያም ደሴም ጠፋ። «እስከ ክረምት ምን ዝናብ አለ» ብላ ተወችው። ወሩ ጥር ነው፤ ሰማዩም ጠብታ የለውም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ቄስ ወልደ ኪዳን ከኪዳን ተመልሰው ቁርስ ላይ ነበሩ። እናቷ ለተዝካር ወደ ሙጃ ከተማ ስለሄዱ የትናንቱ ሽሮ በቀዝቃዛው ቀርቧል። ኢያቄም አንገቱን ደፍቶ ይጎርሳል። አባት ስለ መኪናዋ ጠየቁ፤ ማንም አልመለሰም። ቄስ ወልደ ኪዳን ሁለቱን ልጆቻቸውን አፈራርቀው አዩና ጸሎት እንደ ጀመረ ሰው ዓይናቸውን ወደ ትሪው መለሱ። በዚያ ቤት ነገር ሲከር እንጀራው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አባት እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ኢያቄም ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ።

«ምን ልበላት ታዲያ? ሴት የገጠመችው ሞተር ነው ብላት አሮጊቷ ትሳፈራለች?»

«ሴት የወለደችው ሹፌር ሲነዳት ፈርታ አታውቅም።»

«ተይ እንግዲህ፣ ምላስሽን…»

«የጋራዡን ቁልፍ ስትቀበል ለኔ ምን ልታደርግልኝ ነው?»

«አብረን እንሠራለን! ምን ይጎድልብሻል?»

«ስሜ» አለች ባንቺዓለም። አባታቸው እጃቸውን እያራገፉ ሲገቡ ተነሥታ ትሪውን አነሣች።

ሦስት ሰዓት ላይ የሆቴሉ ግቢ ሞልቷል። ዘበኛው፣ አስጎብኚዎቹ፣ አልጋ አንጣፊዎቹ፣ ከመንገድ የገባው ሁሉ ፌንጣን ከቧል። ታጥባ በፀሐይ ታበራለች። ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ አዲስ ሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነፋስ እንዳያስቸግራቸው ሐር ሻሽ በአገጫቸው ሥር አስረው፣ እንደ ሙሽራ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ኢያቄም ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ ከመሪው ኋላ ተቀምጧል። ባንቺዓለም የሥራ ልብሷን አልቀየረችም፤ ነጠላ ብቻ ደርባበት ከግንቡ አጠገብ ቆማለች። ሞተሩ ተነሣ። በዝግታ፣ እኩል በእኩል፣ አንድም ምት ሳይዘል ሲያንጎራጉር ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። ከአሥር ወር በፊት አይጥ ነበር የሚጮኽበት።

«ቆይ፣ ሳትባረክማ አትወጣም» አሉ ወይዘሮዋ። ቄስ ወልደ ኪዳን ጠበል የሞላበት ባለ ሦስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አንጠልጥለው፣ መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡ። መኪና መባረክ ለሳቸው አዲስ አይደለም፤ ከወልዲያ የሚመጣ አውቶቡስ እንኳ አንድ ዓመት ሳይረጩት አያልፍም። ግን ይህች ልጃቸው የሠራት ናት፤ የትኛው ልጃቸው እንደሠራት ማንም አልነገራቸውም እንጂ። ለዚህ ነው መስታወቱንና ጎማውን ረጭተው ያልበቃቸው። «ኮፈኗን ክፈቱልኝ፤ ልቧን ልባርካት» አሉ። ኢያቄም ዘሎ ወርዶ ከፈተላቸውና ወደ መሪው ተመለሰ። ባንቺዓለም ከግንቡ ተነቀለች፤ ግን ሕዝቡ በመሐል አለ። አባቷ በመዳፋቸው ሙሉ ጠበል እየዘገኑ «በስመ አብ ወወልድ» እያሉ ሞተሩ አናት ላይ ሦስት ጊዜ ረጩት።

ፌንጣ አስነጠሰች። ቀጥላ ሁለንተናዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መብራቷ፣ በሯ፣ መስታወቷ ሁሉ ተርገፈገፈ። ከኋላዋ ጥይት የመሰለ ጧ! የሚል ድምፅ ከጥቁር ጭስ ጋር ወጣ። ሕዝቡ ወደ ኋላ ተናደ።

«በስመ ሥላሴ! ይዟታል!» አለች አንዲት አልጋ አንጣፊ።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ጨለማ ቤት የተዘጋባት፣ ምን አይይዛትም?» አለ ዘበኛው።

«ፈረንጁ ነው፤ ፈረንጁ ነው የጮኸው!»

ቄስ ወልደ ኪዳን በጠበል ቦታ ሰው ሲንቀጠቀጥ ስንቱን አይተዋል፤ ጠበል ሲነካው የሚንፈራገጥ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። መስቀላቸውን ራዲያተሩ ላይ አሳርፈው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ማነህ? ተናገር! ስምህን ተናገር!» ፌንጣ ጧ! ብላ መለሰችላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። ኢያቄም ከመሪው ኋላ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ምን እንደተበላሸ አያውቅማ! ይህ የሰይጣን ነገር ሲመጣለት ግን ከሰማይ የወረደ እርዳታ ሆነለት። «ይጨምሩበት አባ! እየለቀቀ ነው!» ብሎ ጮኸ። አባቱም ጀሪካኑን ዘቅዝቀው ጨመሩበት። ሞተሩ ሁለቴ ተንገሸገሸና ቀጥ አለ።

«ለቀቀ!» አለ ዘበኛው።

በእርግጥም ለቅቆ ነበር። ኢያቄም ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሣም። ደግሞ አዞረ። ወርዶ ካርቡሬተሩን በካቻቢቴ ጫፍ ነካካው፤ አንድ ጤነኛ ሽቦ ነቅሎ መልሶ ሰካ። በዚህ መሐል ከአሸተን ተራራ በላይ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ፤ ሁሉም ቀና ብሎ ነጩ አውሮፕላን ወደ ሹምሽሃ ሲወርድ አየው። ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ የሻሻቸውን ቋጠሮ ከአገጫቸው ሥር ፈቱ። አባት ደግሞ በጀሪካኑ የቀረውን ጠበል ሊያፈሱበት እጃቸውን አነሡ።

«አባ፣ ይበቃታል» አለች ባንቺዓለም።

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። በዚያ አገር ጠበል ለሚረጭ ቄስ «ይበቃል» የሚል የለም፤ ያውም የገዛ ልጁ። ቄስ ወልደ ኪዳን እጃቸው እንደ ተንጠለጠለ ዞር አሉ።

«ምን አልሽ?»

«ጠበሉ የሚደርስበት ደርሷል አባ። ማንም አልያዛትም። ይቺን ጥቁር ክዳን ያዩዋታል? ሞተሩን የምታስነሣው እሳት እሷ ሥር ናት። ውሃ ሲገባባት እሳቷ መንገድ ትስታለች፤ የተንቀጠቀጠችው ለዚያ ነው። ሰውስ ቢሆን እሳትና ውሃ ባንዴ ቢውጥ ዝም ይላል?»

አባቷ ጀሪካኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ፤ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። ሕዝቡ በተሰበሰበበት ያረጁ መሰሉ። «ለካ እኔ ነኝ ያጠፋሁ» አሉ።

ባንቺዓለም እዚህ ላይ ዝም ብትል ማን ይፈርድባት ነበር? ወንድሟ ጠዋት ሥራዋን ሲወስድ ዝም ብላለች። የአባቷ አንገት መድፋት ግን ከዚያ ባሰባት።

«የለም አባ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች፤ ድምፅዋ እስከ በሩ ይሰማል። «ይቺ ክዳን የጎማ ቆብ አላት። ፈልጌ ባጣው እስከ ክረምት ዝናብ የለ ብዬ ሳልሸፍናት ገጠምኋት። ቄስ ቤት ተወልጄ፣ ዝናብ ባይኖር ጠበል እንዳለ ማሰብ ነበረብኝ። እርስዎ ምንም አላጠፉ። እኔ ነኝ።»

ከሕዝቡ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ግን አልሳቁም፤ በዝግታ ወደ መኪናዋ ቀረቡ። መጀመሪያ የባንቺዓለምን ፊት አዩ፤ ቀጥለው እስከ ኮንጎ ጫማዋ ድረስ ቁልቁል አዩዋት።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉ። «ጥፋቱ ያንቺ ከሆነ፣ ሥራው የማን ሊሆን ነው?»

ኢያቄም ካቻቢቴውን እንደያዘ ደረቀ። ባንቺዓለምም ወደ እሱ አልዞረችም። «መጀመሪያ ትነሣ እትዬ፤ አውሮፕላኑ አርፏል» አለች። ሁለቱን የክዳን መያዣዎች በአውራ ጣቷ ፈልቅቃ ክዳኑን ገለበጠችው። ውስጡ ጠል የመሰለ ጠብታ አለ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥለቱን ሳይሆን ንጹሑን መሐሉን መርጣ፣ እንደ ሕፃን ጆሮ እያንዳንዱን ቀዳዳ አደረቀች። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ጠርጋ ስትመልስ የትኛው የት እንደሚገባ ለማየት ዓይኗ አልተንከራተተም። ካንዴላዎቹን አውጥታ እፍ አለችባቸው። ክዳኑን ከገጠመች በኋላ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ወፍራም የስኳር ላስቲክ አስመጥታ ሸፈነችው፤ በጎማ ማሰሪያም ጠፍራ አሰረችው። ነጠላዋ ጥቀርሻና ዘይት ጠጥቶ ነበር፤ መልሳ ደረበችው። «አስነሣ» አለችው ወንድሟን። አስነሣ። ፌንጣ ከጠዋቱ በጠራ ድምፅ አንጎራጎረች። እልልታው እንደገና ቀለጠ፤ አሁን ግን ማንም ሰይጣን አላነሣም። ቄስ ወልደ ኪዳን በርቀት፣ ጠብታ ውሃ ሳይጨምሩ፣ በመስቀላቸው ብቻ ባረኩ።

ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ በሩን ከፍተው ለአንድ አፍታ ወንበሩን ተመለከቱ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠበቁት ወንበር ነው። ከዚያ ዘወር አሉና ባንቺዓለምን በክንዷ ያዟት። «አንቺ ግቢ። መንገድ ላይ ብትቆም እኔ ምን እረባታለሁ? በሚኒባሱ እከተላችኋለሁ።»

«ልብሴ ቆሻሻ ነው እትዬ፤ ወንበሩ…»

«እሱን ወንበር ማን አለበሰው?»

«እኔ።»

«እንግዲያውስ ተቀመጪበት!»

እንዲህ ሆኖ እህትና ወንድም ክርን ለክርን ተገፋፍተው ወጡ። ከተማውን ለቀው ቁልቁል ወደ ሹምሽሃ ሲጠመዘዙ ኢያቄም ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም፤ እሷም ጆሮዋን ከሞተሩ አላነሣችም። በሁለቱ መሐል ያለው የማርሹ ዘንግ ብቻ ነው። መሪው በቀኝ በመሆኑ፣ የዚህ አገር ሹፌር በሚቀመጥበት በግራ በኩል የተቀመጠችው ባንቺዓለም ናት። ጤፍ ጭኖ አህያ የሚነዳው፣ ከገበያ የሚመለሰው፣ የመንገድ ሠራተኛው ሁሉ ሴት ያለ መሪ መኪና ስትነዳ አየ። አንዱ ገበሬ በትሩን ጥሎ አማተበ። ባንቺዓለም እጇን አነሣችለት።

ሹምሽሃ ስምንት እንግዶች በሚኒባሱ ተሳፈሩ፤ አንዳንዶቹ ፌንጣን ዞረው ዞረው ፎቶ አነሡ። ከዚያ የተፈራው መጣ። ዳገቱ ከወንዙ በላይ ይጀምርና እስከ ከተማው እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ደካማው መኪና ከጠንካራው እዚያ ላይ ነው የሚለየው። ኢያቄም በአራተኛ ማርሽ ጀመረው።

«ሦስተኛ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አስገባዋ።»

አስገባ። ሞተሩ ድምፁን ወፈር አድርጎ ዳገቱን ያዘ። የሙቀቱ መርፌ ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ከፊታቸው ከወልዲያ የመጣ አውቶቡስ በጥቁር ጭስ ተከናንቦ ያቃስታል። ኢያቄም ከኋላው ሊጎተት ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ መንገዱ ፊት ለፊት ባዶ መሆኑ ለሷ ይታያታል፤ በግራ ያለችው እሷ ናታ። «ባዶ ነው፤ እለፈው» አለች። ለአንድ አፍታ አያት። እሱ ከተቀመጠበት የአውቶቡሱ ጀርባ እንጂ ሌላ አይታየውም፤ ወይ ማመን ወይ መቅረት ነው። ረገጠ። ፌንጣ ጀርባቸውን ከወንበሩ አጣብቃ ተፈተለከች። የአውቶቡሱ መስኮት ሁሉ ጭንቅላት አበቀለ፤ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «ኧረ በላቸው!» ሲል ሰሙት። መንገዱ ሲታጠፍ ሚኒባሱም አውቶቡሱም ከታች ቀርተው ነበር።

«ጠዋት ያልሁትን ሰምተሻል አይደል» አለ ኢያቄም ድንገት።

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«የፍሬን ብሎን እያጠበቅሁ ነበር።»

ሳቀ። ብዙ አልሳቀም፤ ቶሎ ጠፋበት። «ደሴ አንድ ዓመት ከርሜ መጥቼ፣ እህቴ ከፈረንጅ መጽሐፍ አንብባ በለጠችኝ ብዬ እንዴት ልናገር?»

«ልክ አሁን እንዳልኸው» አለች። እሱም ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። የከተማው የመጀመሪያ ቆርቆሮ ቤቶች ሲታዩ፣ ሳትነግረው፣ ማርሹን በጊዜው ቀየረ። ባንቺዓለም አየችው። አነዳዱ እኮ መጥፎ አይደለም ብላ አሰበች፤ ለመናገር ግን ገና ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ወደ ሆቴሉ ቢሮ አስጠሯት። ፎቅ ላይ ያለው ቢሮ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ የአቶ አዝመራው ፎቶ ያለበት ቀን መቁጠሪያ። ጸሐፊዋ ሰብሌ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጣለች። ጠዋት የተጻፈ፣ ማኅተም የተመታበት የሹመት ደብዳቤ ነው፤ «ለአቶ ኢያቄም ወልደ ኪዳን» ይላል። ወይዘሮዋ እስክሪብቶ አንሥተው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ አቶ ኢያቄም የሚለውን ሰርዤ ከላዩ ስምሽን ልጻፍበትና ልፈርምበት። ማኅተሙ አለ፤ ያው ነው።»

«አይሆንም እትዬ» አለች ባንቺዓለም።

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ሰብሌ ከሥር ከሥር እያየች በእግሯ የባንቺዓለምን እግር ነካች፤ ተቀበዪ ማለቷ ነው።

«ሥራውን አትፈልጊውም?»

«እፈልገዋለሁ። በተሰረዘ ስም ላይ ግን አልቀመጥም። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ወረቀቱን ሲያየው፣ ወንድሟን ገፍታ የገባች ነው የምመስለው። ማንንም አልገፋሁ። አዲስ ይጻፍልኝ።»

«ኩራትሽ አይጣል ነው!»

«እንዳይጥልዎት ነው እንጂ እትዬ፤ በተሰረዘ ወረቀት የምትሠራ መካኒክ ብሎኑንም እንደዚያው ነው የምታጠብቀው።»

ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ደብዳቤውን ለሁለት፣ ለአራት ቀደዱት። «ጻፊላት» አሉ ሰብሌን፤ እንግዶቹን ሊያስተናግዱም ወጡ። ሰብሌ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ ዘረጋች። «ሙሉ ስም?» «ባንቺዓለም ወልደ ኪዳን።» «የሥራ መደብ?» «መካኒክ። የጋራዥ ኃላፊ።» ሰብሌ ቃሉን ጀምራ ሳትጨርስ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ማታ ካልሆነ አይነሣም። የኮምፒዩተሩ መስታወት ጠቆረ።

«ወይኔ! በይ ነገ ነዪ፤ ወይ በእጄ ልጻፍልሽ?»

«አይ፣ በማሽን ይሁን። እጠብቃለሁ።»

«መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ሰብሌ ትንሽ ተጨነቀችና፣ ዘይት እንዳይነካው አዲሱ የእንግዳ ወንበር ላይ ጋዜጣ አነጠፈችላት። ባንቺዓለም ጋዜጣውን አነሣች፤ በጥንቃቄ አጠፈችው፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ፣ ጀርባዋን አስደግፋ ተቀመጠች።

በመስኮቱ ግቢው ይታያል። እንግዶቹ ፌንጣን ከበው ኮፈኑን አስከፍተዋል። አንድ ሽበታም ፈረንጅ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ሲያይ ቆየ፤ ቀና ብሎ ወደ ሞተሩ እየጠቆመ በመገረም ኢያቄምን አንድ ነገር ጠየቀው፤ አስጎብኚው ተረጎመለት። የሚሉት እዚህ አይሰማም። ኢያቄም በቅባት የተኛ ፀጉሩን አከከ፤ ወደ መሬት አየ፤ ወደ በሩ አየ። ከዚያ አገጩን ወደ ቢሮው መስኮት ቀና አደረገ፤ ሁሉም፣ ፈረንጁም አስጎብኚውም ዘበኛውም፣ አብረው ወደ ላይ ዞሩ።

ባንቺዓለም ከወንበሯ አልተነሣችም።